የዓይን ሥር ሙሌት

ትርሲት ሁልጊዜ ጠዋት የምትቀመጠው በሰሜን በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት፣ ብርሃኑ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የማይለዋወጥበት ቦታ ስለሆነ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ለመለየት ከዚያ የተሻለ ወንበር በሥራ ቤቱ ውስጥ የለም። ከፊቷ ጥቁር ጨርቅ ይዘረጋል፣ ከወሎ በጆንያ የመጣው ድንጋይ ይፈስበታል፣ እሷም አንድ በአንድ በሁለት ጣቷ እያነሳች ወደ መስኮቱ አዘንብላ ታገላብጠዋለች። ከግድግዳው ወዲያ ድንጋይ የሚለሰልስበት መንኮራኩር ቀኑን ሙሉ ያፏጫል፤ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተላል። ድንጋዩ ሲዞር ከውስጡ አረንጓዴና ቀይ ብልጭ የሚለውን ነገር እዚያ ቤት «እሳት» ይሉታል። እሳት ያለው በቀኝ፣ የሌለው በግራ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎች የሞተ ነው ብለው የጣሉትን ድንጋይ አንስታ እሳቱ የተደበቀበትን ጎን የምታሳያቸው እሷ ብቻ ነበረች። በዚህ ዓለም የምትተማመንበት ነገር ቢኖር ሁለቱ ዓይኖቿ ናቸው። ሰው ሲጠራጠራት «ዓይኔን ያጥፋው፣ እሳት አለው» ትላለች፤ መሐላው አፏ ላይ ከመልመዱ የተነሳ ምን እያለች እንደሆነ እንኳ አታስተውለውም።

ችግሩ ከዓይኖቿ ሥር ያለው ጉድጓድ ነበር። ከእናቷ የወረሰችው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሁሉ «አሞሽ ነበር እንዴ?» ይላታል፤ ዕረፍት ወጥታ፣ እንቅልፍ ጠግባ ስትመለስ «ምነው ከሳሽ?» ይላታል። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው «ወደ ብርሃኑ ዞር በይ፣ ቀና በይ» እያለ ሲያለፋት ቆይቶ በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አቆማት። ትርሲት ሲያሾፉባት ቀድማ የምትስቅ ሴት ናት። መስታወት ፊት ብቻዋን ስትቆም ግን አትስቅም፤ ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ ትዳስሰዋለች።

አንድ ቀን ወደ ሥራ ስትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት እጇን በሁለት መዳፏ ያዘቻት። መዳፎቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከልብሷ የቅርንፉድ ሽታ ይመጣል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ።

ትርሲት ከሌላ ሰው ጋር ያመሳሰለቻት መስሏት ሐዘን ላይ እንዳልሆነች ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን አልለቀቀችም። ፊቷን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ ልክ ድንጋይ እንደሚገላብጥ ሰው፣ ከዓይኖቿ ሥር ያለውን ቦታ ግራና ቀኝ ተመለከተችው። ትርሲት ተሳቃ «ኧረ ዓይኔን ያጥፋው፣ ማንም አልሞተብኝም» አለች።

«እንግዲያው ቀድሜያለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ «ወራጅ አለ» ብላም ወረደች።

ትርሲት ይህን ሥራ ቦታ እንደ ቀልድ አወራችው። መንኮራኩሩ ላይ የምትሠራው ጓደኛዋ ዘቢደር ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ስትጨርስ ለምን አታስሞይውም አለቻት። ሙሌት ይባላል፣ ከዓይን ሥር ጄል በመርፌ ይሰጣል፣ ጉድጓዱ ይነሳል፣ አለቀ። ጎረቤቷ ተሠርታ በአሥር ዓመት ወጣት መስላለች። ትርሲት በአንድ ወቅት በሬዲዮ አንድ ሐኪም ስለዚህ ነገር ሲያስጠነቅቅ ሰምታ ነበር፤ በዚያ ቦታ ያሉ የደም ሥሮች ከዓይን ጋር ይገናኛሉ፣ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ካልሆነና ማሟሟቻው መድኃኒት አጠገብ ከሌለ መርፌው ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል ብሎ ነበር። ይህንኑ ለዘቢደር ስትነግራት ዘቢደር ምንም አልመሰላት።

«ሲስተር እኮ ናት የምትሠራው» አለቻት።

በዚህ ነገሩ ተዘጋ። በእኛ ከተማ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ሲስተር የተባለችን ሴት ደግሞ የት ተማርሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ይመስላል። ዘቢደር ከጎረቤቷ ሰምታ ነው ሲስተር ያለቻት፣ ጎረቤቷ ከፀጉር ሠሪዋ፣ ፀጉር ሠሪዋ ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ከተቀመጠች ደንበኛ። ከዚያ ወዲያ ማን እንዳለ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ሲስተር የምትሠራበት ፀጉር ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካስኮቹ ባንድነት ያጓራሉ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሴቶቹ እየተጯጯሁ ይጫወታሉ። ትርሲት ከጀርባ ያለውን ወፍራም መጋረጃ ገልጣ ስትገባ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ተቆረጠ፤ መጋረጃ ይህን ያህል ድምፅ ይከለክላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጠባብ አልጋ አለ፣ ከአልጋው በላይ አንድ አምፖል፣ ጣሪያው ላይ ቡናማ የውሃ ጠባሳ። የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት የጥርስ ሐኪም ቤት አስታወሳት፤ የሕክምና ቦታ ሽታ ስለሆነም አረጋጋት። ሲስተር ማስኳን እስከ ዓይኖቿ ድረስ ስባ ለብሳለች። ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖች የደበዘዙ፣ ትርሲት በግራ በኩል የምታስቀምጠውን ድንጋይ ዓይነት ነበሩ።

ጉዳት የለውም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከማስኩ ሥር የታፈነ ድምፅ ጄሉ ውሃ ከመሳብ በስተቀር ምንም እንደማያደርግ፣ ካልወደደችውም ማሟሟቻ እንዳለ መለሰላት፤ ጓንት ያደረገ እጅም ወደ መደርደሪያው አመለከተ። ትርሲት በጀርባዋ ስለተኛች መደርደሪያውን አላየችውም። ያየችው ስሙ ተፍቆ የተነሳ ሲሪንጅ ነው። ውሃ መሳብ ሲባል የወሎ ኦፓል ትዝ አላት፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ውሃውን ይጠጣና እሳቱ ይጠፋል፣ እስኪደርቅም ድረስ የሞተ ድንጋይ ይመስላል። ልትናገር አሰበችና ድንጋይና ሰው ምን አገናኘው ብላ ተወችው።

መርፌው ሲገባ ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ነበር የከበዳት፤ ከቆዳዋ ሥር እርጥብ አሸዋ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከጉንጯ ተነስቶ ከዓይኗ ኋላ ሲንሸራተት ተሰማት። ይህንን ስትናገር የሲስተር እጅ ባለበት ቆመ።

«የት ደረሰ?»

«ወደ ኋላ።»

«ጥሩ» አለች ሲስተር፤ መርፌውንም መግፋት ቀጠለች።

ውጤቱ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጉድጓዶቹ ጠፉ። አሠሪዋ አቶ ደምሰው «ዕረፍት ተስማምቶሻል» አሏት፣ ዕረፍት ሳትወጣ። ሚኒባስ ውስጥ ማንም እጇን አልያዘም። ትርሲት ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት፣ መንገድ ላይ የመኪና መስታወት ባየች ቁጥር ጎንበስ ትል ጀመር። እናቷ በሕይወት ብትኖር እሷንም አመጣት ነበር ብላ አሰበች።

መጀመሪያ የመጣው ክብደት ነው። ጠዋት ስትነሳ ከዓይኖቿ ሥር የሆነ ነገር ያደረ ይመስላታል። በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ ቆዳዋ ከሥሩ ሰማያዊ ይላል። ወደ ጥቁሩ ጨርቅ ስታጎነብስ ያ ነገር አብሯት ያጎነብሳል፤ ቀና ስትል ግን አብሯት ቀና አይልም፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ዝናብ በጣለ ቀን ያብጥ ነበር። ትራስ ላይ ጋደም ስትል ከጆሮዋ ጀርባ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ የሚንጠባጠብ ነገር ትሰማለች። ተነስታ የቧንቧውን መዝጊያ ታጠብቃለች፤ ቧንቧው ደረቅ ነው። ይህን ለዘቢደር አልነገረቻትም፤ ስትነግራት እውነት እንዳይሆን ፈርታ ነው።

ከዚያ ነጩ መጣ። ከሁለቱ ዓይኖቿ ግርጌ፣ ብርጭቆ ውስጥ ወተት እንደፈሰሰ ሁሉ፣ ነጭ ነገር ተኝቶ አገኘችው። መጀመሪያ ጫማዋን ብቻ ነበር የሚጋርዳት። ቀስ እያለ ወደ ላይ ሞላ፣ ጉልበቷን ዋጠ፣ ጨርቁ ላይ ያለውን ድንጋይ ለማየት አገጯን ወደ ደረቷ አጥብቃ መያዝ ጀመረች። የዚያን ሰሞን የሚመጣው ድንጋይ ሁሉ የሞተ ነበር። አንዱን አንስታ ወደ ግራ፣ ሌላውን አንስታ ወደ ግራ ስትጥል ዘቢደር መጥታ ከግራው ክምር አንዱን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ትርሲት፣ ይሄ እኮ ይነዳል።»

«ዓይኔን ያጥፋው ይሄ የሞ...» ብላ ትርሲት መሐላውን ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች። የምትለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ነው።

ዘቢደር ያን ዕለት ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት ብዙ ቆይቶ አየ፤ አልተቆጣትም፣ አለመቆጣቱ የባሰ አስፈራት። ያስገቡባት ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ምንም መስጠት እንደማይችል፣ ማሸጊያውን ወይም ስሙን ቶሎ ማምጣት እንዳለባት፣ የቀረውን ብርሃን ለማትረፍ ጊዜው ጠባብ መሆኑን ነገራት። ማን ሠራሽ ሲላት ሲስተር አለችው። ስሟን ጠየቃት። ትርሲትና ዘቢደር ተያዩ፤ ሁለቱም አያውቁትም።

ከዚያው በቀጥታ በታክሲ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ታክሲው የሚቆምበት ስላልነበረ ዘቢደር ሹፌሩ ጥሏቸው እንዳይሄድ ከታች ቀረች፤ ትርሲት ስሙን ብቻ ጠይቃ ልትመለስ ግድግዳውን እየዳሰሰች ደረጃውን ወጣች። ገና ከሰዓት ነበር። ካስኮቹ ሁሉ በርተው ያጓራሉ፤ ከሥራቸው የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም፣ ፀጉር ሠሪዋም አልነበረችም። መጋረጃውን ስትገልጥ ድምፁ እንደ በፊቱ ተቆረጠ። ሲስተር አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር፣ ማስኳን አድርጋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ በቀጠሮ ሰዓት እንደሚጠብቅ ሰው።

«ያስገቡብኝ ነገር ስሙ ምንድን ነው?» አለች ትርሲት። «ሐኪሙ ስሙን አምጪ ብሎኛል። እርስዎስ የት ነው የተማሩት፣ ሲስተር?»

«ሲስተር ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለች የታፈነው ድምፅ፣ ያለ ቁጣ። «ስሙን ይዘሽ እስክትመለሺ ይሞላል። ማሟሟቻው እዚህ ነው። ተኚ።»

ትርሲት ወደ ደረጃው ለመመለስ ዞር አለች። ነጩ ግን አሁን ደረቷ ድረስ ደርሷል፤ በሩ የት እንደነበር ለማየት አንገቷን ወደ ታች ስትሰብር በሩን አላገኘችውም። ዘቢደርን ተጣራች፤ ድምፅዋ ከመጋረጃው ያለፈ አልመሰላትም። ያላት ሁለት ዓይን ብቻ ነው፤ የቀረውን ብርሃን የሚያተርፍ ሰው ካለ ይቺ ናት ብላ፣ እያለቀሰች ተኛች። እንባው ከሽፋሽፍቷ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ሲፈስ ተሰማት።

ሲስተር አምፖሉን ሳበችና ጎንበስ አለችባት። በቀረላት ቀጭን ብርሃን ትርሲት ከማስኩ በላይ ያሉትን ዓይኖች አየች፤ የደበዘዙ አልነበሩም። ሲንቀሳቀሱ አረንጓዴ ብልጭ አሉ፣ መልሰው ቀይ፣ ከጥግ በኩል ብርቱካናማ። በሕይወቷ ካየቻቸው እሳቶች ሁሉ የበለጠ እሳት ነበር፤ ከሥራ ልማድ የተነሳ፣ በዚያ ፍርሃት መሃል፣ በቀኝ በኩል ይቀመጣል ብላ አሰበች። ከዚያ መርፌው ገባ። እርጥቡ አሸዋ ከሥር ተረገጠ፣ ቅርንፉዱ ጉሮሮዋን ሞላው፣ ነጩ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ወጥቶ የመጨረሻውን የአምፖል ብርሃን ዋጠው፣ ቀስ ብሎም ጠቆረ።

«በይ ዓይንሽን ግለጪ» አለች ሲስተር።

«ገልጫለሁ» አለች ትርሲት።

የማስክ ላስቲክ ከጆሮ ሲወልቅ ሰማች። ጓንትም ወለቀ። ሁለት ቀዝቃዛ መዳፎች እጇን ከግራና ከቀኝ ያዙት፤ በጆሮዋ አጠገብም ማስክ ያላፈነው ድምፅ፣ ያን ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ የሰማችው ራሱ፣ ቀስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አላት።