ከካንኩን የመጣው የእባብ ሳህን

ፈጠራ ነው የሚል ካለ አሁኑኑ ይለፈው። ለማሳመን ትዕግሥት የለኝም። ሆኗል፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ የሚባለው ሰፈር፣ የአጎቴ ልጅ የሮሚ ቤት። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በረዶውን ያቀልጠዋል።

ሮሚ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደም ግፊት አለባት። አባቷ ጋሽ መዝገቡ አዲስ አበባ ከሞቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

እሷ ግን አታውቅም።

"ድንጋጤው ልጁን ያሳጣታል፤ እስክትወልድ እንዳትሰማ" ብለው የቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች ወሰኑ። አባትሽ ጸበል ገብተዋል፣ ስልክ አይፈቀድም... ይህን ተራ ውሸት የፈጠሩትም እነሱ ናቸው። የሠላሳ ዓመት ሴት እንደ ሕፃን ትታለላለች። እኔ ደግሞ ጠባቂ ተደረግኩ።

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ባሏ ጢሞቴዎስ ከሜክሲኮ፣ ከካንኩን ያመጣው የሸክላ ሳህን አለ። ላባ ያለው እባብ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል፤ አፉን ከፍቷል። ሮሚ ሻማ ታበራበታለች።

"የማያዎች አምላክ ነው፤ ቤት ይጠብቃል ብሎኛል ሻጩ" ይላል ጢሞቴዎስ ሳህኑ በተነሣ ቁጥር። ለቱሪስት የተባለውን ሁሉ አምኖ የሚገዛ ሰው ነው።

ስለ ማያዎች፣ ስለ ጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች፣ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮርስ ወስጃለሁ። የማያ ንግሥቶች ደማቸውን ወረቀት ላይ አንጠባጥበው ሳህን ውስጥ ያቃጥሉት ነበር። ከጭሱ እባብ ይነሣል። ከእባቡ አፍ የሞተ ዘመድ ብቅ ብሎ ያናግራቸዋል።

ፈተናው ላይ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ከዚያ በላይ ዋጋ አልሰጠሁትም።

ሺኑክ ሲነፍስ የሮሚ አፍንጫ ይደማል። ደረቅ አየር ነው፤ እዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ይደማል። በሶፍት ጠረገችና ሶፍቱን ሳህኑ ውስጥ ወረወረችው።

ሻማው አቀጣጠለው።

"ቆሻሻ መጣያ የለሽም?"

"ተነሥቶ ማን ይሄዳል ባክሽ። ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው።"

ሁሌ...

ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም። በሳህኑ ዙሪያ ዞረ... ዞረ... ከዚያ ሮሚ ፊት ቆመ። መስኮቱ ዝግ ነው። ሽንኩርት ስናቁላላ የሚጮኸው ፋየር አላርም ትንፍሽ አላለም።

ሮሚ ፈገግ አለች።

"ሃይ አባዬ።"

"ማንን ነው?"

"እሽሽ... እያወራ ነው።" ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "አውራ ጣቶቹን ለምንድነው በክር ያሰሯቸው?"



ሬሳ ሲገነዝ ነው እንደዚያ የሚደረገው። በሦስት ዓመቷ ካናዳ የገባች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው?

ጢሞቴዎስ ነዋ! ወሬኛ። ኪችን ገብቼ ደወልኩለት።

"ነገርካት አይደል?" አንሾካሾክኩ።

"እኔ? ማርያምን! ሺፍት ላይ ነኝ እኮ..."

"ስለ ክሩ ማን ነገራት ታዲያ?"

"የምን ክር?"

ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ይህን ሁሉ ድራማ ከማይ እውነቱን ላፈርጠው ብዬ ተመለስኩ።

"ሮሚ፣ ስሚኝ። ጋሼ አርፈዋል።"

"አውቃለሁ። በማግሥቱ ራሱ ነገረኝ።" ዐይኗን ከጭሱ አልነቀለችም። "ጸበል ስትሉኝ አብረን ነበር የምንስቅባችሁ።"

አብረን...

"እሺ፣ አሁንስ ምን ይላሉ?" በሹፈት ነው የጠየቅኳት። አምኜ እንዳይመስላችሁ።

"የልጅ ልጄን አንዴ ልቀፈው እያለኝ ነው።"

"እምቢ በያቸው።"

"ምን አለበት? አያቱ እኮ ነው።"

ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሳህኑ ላይ ደፋሁበት። ሻማው ጠፋ። ጭሱ ግን... አልጠፋም። መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ቀስ እያለ እንደ እባቡ አፍ ሰፋ።

ሮሚ ሁለት ክንዶቿን ዘረጋች። ከባድ ነገር የያዘች ይመስል ወደ ታች ጎብጠዋል። ምንም አልያዘችም። ቆሜ እያየሁ ነው፤ ባዶ ናቸው።

ከዚያ ክንዶቿ ቅልል ብለው ከፍ አሉ። አንድ ሰው እንደተቀበላት።

"ቀስ... አንገቱን ደግፈው አባዬ" አለች።

ከጭሱ ውስጥ... ሕፃን አስነጠሰ።