የመምህር ኩራሞቺ ሁለት ካሜራዎች

እኔን የጠየቀኝ የለም። በደጄ ሰው ሞቶ፣ ፖሊስ መጥቶ፣ ሦስቱን እንግዶቼን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ሲጠይቅ እኔ ሻይ ቀዳሁ። ሲጨርሱ ደግሜ ቀዳሁ። ቤቱ የእኔ፣ የገደሉ አፋፍ የእኔ፣ አጥሩም የእኔ መሆኑ ትዝ ያላቸው ጥፋተኛ መፈለግ ሲጀምሩ ነው።

«እማማ ቶሜ፣ አጥሩ በስብሶ ነበር» አለኝ ሳጅን ኦኩይ፣ ማስታወሻ ደብተሩን እየዘጋ። የዓሣ ነጋዴው ልጅ ነው፤ ንፍጡን በእጅጌው ሲጠርግ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ማን ነገረህ?»

«ተሰብሯላ! ሟቹ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው ፀሐይ ስትወጣ ሊያነሱ ወደ ፊት ተራመዱ፤ አጥሩን ተደገፉ፤ አጥሩ ከዳቸው። ሪፖርቴ እንዲህ ሆኖ ከገባ የእንግዳ ማረፊያዎ መዘጋቱ አይቀርም። ልጅዎ ናጎያ አይደል የሚኖረው? ከእንግዲህ እዚያ ይረፉ።»

ልጄ የሚኖረው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነው። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ትንፋሼን ይዤ ባሕር እየጠለቅሁ ዛጎል የለቀምሁ ሴት ነኝ። ከዘጠነኛ ፎቅ ወዴት ልጥለቅ?

«ሪፖርትህን እስከ ማታ አቆየው» አልኩት።

«እማማ፣ ይህ እኮ የምርመራ ሥራ ነው። እርስዎ ደግሞ ፊደል…»

«አልቆጠርኩም። ጨርሰው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል? ውሃ ውስጥ ፊደልም ወሬም የለም። አብራህ የጠለቀችው ሴት ምን እንዳሰበች የምታውቀው እጇን አይተህ ነው። አንተ ጠዋቱን ሁሉ አፋቸውን ስትጽፍ ቆየህ። እኔ ከትናንት ጀምሮ እጃቸውን አይቻለሁ።»

ሳቀብኝ። ግን ከእኔ ጋር ወጣ።

እንግዶቹ የመጡት ከኦሳካ ነው፤ የአንድ የፎቶ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ኒሺዋኪ ሊቀ መንበሩ ነው፤ የሩዝ ድስት የሚያህል ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ዶባሺ የካሜራ ሱቅ አለው። ዋኩይ ጡረታ የወጣ መድኃኒት ሻጭ ነው፤ አምና የጋዜጣ ሽልማት ካገኘ ወዲህ አንገቱ ረዝሟል። የሞተው ኩራሞቺ አስተማሪ ነበር። ሚስቱ ሚኔኮ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በፊት እኔ ዘንድ ሲመጡ ፎቶ የምታነሳው እሷ፣ ቦርሳ የሚሸከምላት እሱ ነበር። ዘንድሮ «እኔም ልጀምር» ብሎ ከዶባሺ ሱቅ ሁለት ካሜራ ለሙከራ ተውሶ መጣ። አንዷ ለጀማሪ የምትሸጥ መስታወት አልባ የምትባለው ናት፤ ሌንሷ ይቀያየራል፣ ዓይን የሚያስጠጉባት ቀዳዳም አላት። ሌላዋ ኪስ የምትገባ ትንሽ ናት።

ማታ እራት ላይ ሁለቱን ከዓሣው ሳህን አጠገብ ደርድሮ የቷን ልያዝ እያለ መከራውን ሲያይ ነበር።

«መምህር፣ ትንሿ መጫወቻ ናት» አለው ኒሺዋኪ። «ወንድ ከሆንክ ትልቋን ያዝ።»

«ወንድነቱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ሲከብድ ማውለቅ ነው» አልኩ እኔ፣ ሾርባውን እያስቀመጥኩ። ዶባሺ የሚጠጣው ሳኬ ትን አለው።

«እማማ ገበያዬን አይዝጉብኝ!» አለና ካሜራዎቹን አነሳ። «ተመልከት መምህር። ትንሿ ችግር የላትም፤ ስትከፍታት አፍንጫዋን ራሷ ታወጣለች፣ ስትዘጋት ራሷ ትከተዋለች። ትልቋ ግን ኩሩ ናት። ሌንሷ ለጉዞ እንዲያጥር ተብሎ ታጥፎ ይቆለፋል። እንደ ጠርሙስ ክዳን አዙረህ ካልፈታሃት ብትከፍታትም አታይም። በቀዳዳዋ ብታይ ጨለማ ነው፤ "ሌንሱን አዙር" የሚል ጽሑፍ ብቻ።»

«እኔም የገዛሁ ሰሞን ተበላሸች ብዬ ልመልሳት ነበር» አለ ኒሺዋኪ።

ይህ ሲባል ዋኩይ አልነበረም። ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሆኖ ሲያንጎራጉር ድምፁ ይሰማን ነበር።

ከእራት በኋላ ኩራሞቺ የማኅበሩን የዓመት መጽሔት ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ምን እንደጠየቀኝ ቆይቼ እናገራለሁ፤ አፌን ይመረኛል። ሲወጣ ግን «ትንሿን መርጫለሁ እማማ» አለኝ። «የሚኔኮም እንዲህ ያለች ነበረች።»

ጎህ ሲቀድ ሞተ። ዓሣ አጥማጆች ከዓለቱ ላይ አነሱት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሳጅኑን አጥሩ ፊት አቆምኩት። መሃለኛው አግዳሚ ጠፍቷል።

«የት ሄደ?»

«ይኸው፣ ሣሩ ላይ።»

«ሣሩ በየት በኩል ነው?»

ወደ እግሩ ሥር አየ። ሣሩ በየብሱ በኩል ነው።

«ሰው ተደግፎት የሚሰበር እንጨት ከሰውየው ጋር ባሕር ይገባል። ይህ ወደ እኛ መጥቷል። ምስማሮቹን እያቸው፤ የታጠፉት ወደ ቤቴ ነው። አሁን እንጨቱን አሽትተው።»

«እማማ…»

«አሽትተው አልኩህ!»

አሸተተ። የጥድ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ባለፈው መስከረም ያስቀየርኩት ነው።

«ነፋስ ሊሆን ይችላል» አለ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ነበር።

«ምስማር የሚነቅል ነፋስ ቢነፍስ የቤቴ ክዳን ይቀር ነበር? ካሜራዋስ?»

ትልቋ ካሜራ ከአጥሩ ሥር ነበር የተገኘችው። በላስቲክ ውስጥ እንዳለች አሳየኝ። «ተከፍታ ነው ያገኘናት፤ የሌንሱም ክዳን ወልቆ። ማንም አልነካትም። ትንሿ ደግሞ የሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ነበረች። ሁለቱንም ይዘው ወጡ ማለት ነው።»

ላስቲኩን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ሌንሱ አጭር ነበር፤ እንደ ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ የገባ።

ወደ ቤት ተመልሼ እንደገና ሻይ ቀዳሁ። በዚህ መሃል ጠየቅኋቸው፤ ሻይ የምትቀዳን አሮጊት የሚፈራት የለም።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?» አልኩት ዶባሺን።

«ታች ባሕሩ ዳር። ምን ይላሉ፣ ትልቋን አልገዛም ስላለኝ ገደልኩት?»

«ለዚህ ሰው የሚገደል ቢሆን ገበያ ውስጥ ሰው አይተርፍም። አንተስ ሊቀ መንበር?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ኒሺዋኪ። «አዎ፣ ኩራሞቺ ሊቀ መንበርነቱን ልቀቅ ብሎኛል፤ ተጣልተናል። ግን እኔ በብርድ ከሰው ጋር ልታገል? ወገቤን አያዩትም?»

ዋኩይ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «እኔ ክፍሌ ነበርኩ። ምስኪን መምህር! ትልቁ ካሜራ ነው የገደለው። ሁልጊዜ እላለሁ፣ ፎቶ የሚያነሳው ዓይን ነው እንጂ ብረት አይደለም። እኔ ከኪስ ካሜራ ሌላ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ በእሷው ሸልመውኛል።»

«እውነትህን ነው» አልኩት። «ይዘህ አታውቅም።»

ማታ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ሳጅን ኦኩይ በሩ ላይ ቆመ። ዶባሺ ከሻንጣው ሌላ ትልቅ ካሜራ እንዲያወጣልኝ አደረግሁ፤ ከሟቹ ካሜራ ጋር አንድ ዓይነት፣ ተቆልፋ የተዘጋች።

«አንድ አንድ ፎቶ አንሱኝ» አልኳቸው። «ነገ ናጎያ የምጣል ሰው ነኝ፤ ለማስታወሻ ይሁነኝ። መጀመሪያ ባለ ሽልማቱ።»

ዋኩይ ፈገግ ብሎ ተቀበለ። ከፈታት። ከዚያ ፊቷን ወደ ራሱ አዞረና ሌንሷን አየ። ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን። ነቅነቅ አደረጋትና እንደገና አፍንጫዋን አየ።

«አትሠራም» አለ። «ተበላሽታለች።»

ተቀብዬው ለኒሺዋኪ ሰጠሁት። የእሱ እጅ ገና ሳይከፍታት ሌንሱን አዞረ፤ ቀጭ አለ። ዘግቼ ለዶባሺ ሰጠሁት። እሱማ እያየኝ ሳለ ነው ጣቶቹ ያዞሯት።

«ሳጅን፣ አሁን ጻፍ» አልኩ። «ጠዋት የተገኘችው ካሜራ ተከፍታለች፤ ሌንሷ ግን አልተፈታም። በቀዳዳዋ ያየ ሰው የሚያየው ጨለማ ነው። በጨለማ ተመስጦ ገደል የሚገባ ሰው አለ? ኩራሞቺ በዚች ካሜራ ምንም አላነሳም። እንዴት እንደምትፈታ ደግሞ ማታ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ የከፈታት ሌላ ሰው ነው። ኒሺዋኪ ቢሆን ያዞራት ነበር። ዶባሺ ቢሆን ተኝቶም ያዞራታል። ካሜራ ሲከፍቱት አፍንጫውን ራሱ ያወጣል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው እዚህ ያለው፤ ትምህርቱ ሲሰጥ ገንዳ ውስጥ ሲዘፍን የነበረው።»

«እብድ አሮጊት!» አለ ዋኩይ። «ካሜራ አለማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። አጥሩ የተሰበረው ወደ የብስ ነው። ሰውየው በደህናው አጥር ላይ ተገፍቶ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው ቆሞ አግዳሚውን ወደ ራሱ ጎትቷል። መዳፍህን አሳየን።»

እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። ሳጅኑ ሄዶ አወጣው። መዳፉን ሦስት ስንጥር ወግቶታል፤ ሁለቱ ገና አልወጡም።

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ኒሺዋኪ። «ጓደኛሞች ነበሩ። ሚኔኮ የሞተች ጊዜ በአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያዋ ላይ የግል ዕቃዋን ለወዳጆቿ ሲያካፍል ካሜራዋን የሰጠው ለዋኩይ ነው።»

«ፎቶዎቿ ውስጧ እንዳሉ» አልኩ።

መጽሔቱን ገለጥኩት። የተሸለመው ፎቶ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ከባሕር ስወጣ፣ የዛጎል መያዣ ገንዳዬን ታቅፌ፣ ሁለት ጥርስ ጎድሎኝ ስስቅ። ከሥሩ ፎቶ አንሺ ዋኩይ ይላል አሉኝ።

«ኩራሞቺ ማታ የጠየቀኝ ይህን ነው። "እማማ፣ ይህን ያነሳሽ ማነው?" አለኝ። እኔ ካሜራ ለደገነብኝ ወንድ ስቄ አላውቅም። ያሳቀችኝ ሚኔኮ ናት፤ ገንዳሽን ልሸከምልሽ ብላ ወድቃ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ቀርታ። ያነሳችኝ ሚስትህ ናት አልኩት።»

ዋኩይ መጽሔቱን እንጂ እኛን አላየም።

«ሸልሙኝ አላልኩም ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ልሞክር ብዬ ላክሁት። ሲያጨበጭቡ… ሰባ ዓመቴ ነው፤ ማን አጨብጭቦልኝ ያውቃል? ጠዋት አፋፉ ላይ አገኘኝ። አልሰደበኝም። በሁላችሁ ፊት ስሟን እንድጠራ ነበር የፈለገው። "ቁርስ ላይ ስሟን ጥራ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለኝ። ልብሴን ያዘኝ፣ ገፋሁት። አጥሩ ወገቡ ጋ ነበር የሚደርሰው።»

«ከዚያስ?» አለ ሳጅኑ።

«ካሜራ ሳይዝ ለምን ወጣ እንዳይባል ክፍሉ ሄጄ ትልቋን አመጣሁ። ትንሿ ኪሱ ውስጥ እንዳለች አላወቅሁም።»

ዶባሺ አለቀሰ። ኒሺዋኪ ከተቀመጠበት ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋኩይን ወሰዱት፤ ጫማውን ሲያስር ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሳተው። አላገዝኩትም።

ሳጅን ኦኩይ ተመልሶ መጥቶ የምስክርነት ቃሌን ጻፈ፤ የአውራ ጣቴን አሻራ ሊወስድ ቀለሙን አቀረበልኝ።

«አንብብልኝ» አልኩት።

አነበበ። አጥሩ ደህና እንደነበር አለበት። ሌንሱም አለበት፣ ስንጥሩም አለበት። ኩራሞቺ ስለ ፎቶው እንዴት እንዳወቀ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን «ሟቹ ከሌላ ሰው በመስማታቸው» አለና ቶሎ አለፈ።

«ሌላ ሰው ማነው?»

«እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። ሰዉ ምላሱ ክፉ ነው። በእሷ ወሬ ነው የሞተው እንዳይሉ…»

«ይበሉ። እኔ ነኝ የነገርኩት። ስነግረው ፊቱ እንደ አመድ ሲሆን አይቻለሁ። ዋኩይ እዚያው ግድግዳው ማዶ እየዘፈነ ነበር። ብቻህን አታናግረው ማለት አቅቶኝ እሳቱን አዳፍኜ ተኛሁ። እጅ አነባለሁ ስል የኖርኩ ሴት፣ የእሱ እጅ መጽሔቱን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ተኛሁ። ቀለምህን ወዲያ አድርግ። "ሌላ ሰው" የሚለውን ሰርዝና ቶሜ ነገረችው፣ ነግራውም ተኛች ብለህ ጻፍ። ከዚያ ጣቴን እሰጥሃለሁ። ምን ታየኛለህ? ጻፍ!»