ዶላር ሲወጣ

ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለች የፍራኒካ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ።

«ዛሬ ስንት ገባ?» አሉ ከፊቷ የቆሙት እትዬ ፔሪና ዞር ብለው።

ስለ ዳቦው አልነበረም። በባሕር ዳሯ ከተማ በኦሬቢች «ስንት ገባ» ከተባለ ዶላር ነው። ወንዶቹ መርከብ ላይ ናቸው፤ ደመወዛቸው በዶላር ይመጣል፤ ዳቦው ግን በዩሮ ነው። ሴቶቹም ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ መጀመሪያ ነፋሱን፣ ቀጥሎ ምንዛሪውን ያያሉ።

«ትንሽ ወርዷል፣ እትዬ።»

«ይውረድ! እኔ ጡረታዬ በዩሮ ነው፤ ምን አገባኝ» አሉ እትዬ ፔሪና። በየጠዋቱ ግን ይጠይቃሉ። የካፒቴን ሚስት ሆኖ ያረጀ ሰው ባሏ ከሞተም በኋላ ይጠይቃል።

ፍራኒካ ስልኩን አየችው። የአባቷ ደመወዝ ገብቷል። የእናቷ የባንክ ሒሳብ የሚታየው በእሷ ስልክ ላይ ነው፤ እናቷ ያስና የይለፍ ቃሉን ደጋግማ ተሳስታ ስለተቆለፈባት «አንቺው ጋ ይሁን፤ እኔን ንቆኛል» ብላ ትታላት ነበር። ገንዘቡ ከመርከብ ኩባንያው ይነሳል፣ መንገድ ላይ ባለ አንድ የአሜሪካ ባንክ በኩል ያልፋል፣ እዚያ ትንሽ ይነከሳል፣ ከዚያ እናቷ የዶላር ሒሳብ ውስጥ ያርፋል። እናቷ «መንዝሪው» እስክትል ድረስ ዶላር ሆኖ ይቀመጣል። ንክሻው ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ቁጥሩም ሁልጊዜ ያው ነው። ፍራኒካ እንደ ሰው ፊት ታውቀዋለች።

ዛሬ ፊቱ ወፍሯል። ከሌላው ጊዜ በሺህ ከምናምን ይበልጣል።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ እትዬ ፔሪና።

«ምንም።»

ጀልባው ነው ያሳቃት። ማዶ ያለችው ደሴት ኮርቹላ ላይ የጀልባ ውድድር ክለብ ኃላፊ የሆኑት ጋሼ ማሪን አንድ ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ ይሸጣሉ። ክለቡ ለልጆች የሚያውሳት ትንሿ ጀልባ ለፍራኒካ ጠባታለች፤ ቁጭ ስትል ጉልበቷ አገጯን ይመታል። ባለፈው በጋ ውድድር ላይ አንዱ ልጅ «የገንዳ ውስጥ ግመል» ብሏት ነበር፤ አሸንፋው ነው ዝም ያለችው። እናቷ ስለ ጀልባው በተጠየቀች ቁጥር «ዶላር ሲወጣ» ትላለች። እነሱ ቤት «ዶላር ሲወጣ» ማለት «ተይኝ» ማለት ነው።

ኮርቹላ ወዳለው ትምህርት ቤት በሚያሻግረው መርከብ ላይ ሉክሻ ቦታ ይዞ ጠበቃት። ጎረቤቷ ነው፤ የመርከበኛ ትምህርት ጀምሯል፣ ከጀመረ ወዲህም ሁሉን የሚያውቅ መስሎታል።

«ጀልባዬ ደረሰች» አለችው፤ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«ቀሽት ነው! ምንድን ነው፣ ጭማሪ?»

«ምን አውቃለሁ። ይጨመር እንጂ።»

ሉክሻ ቁጥሩን ደግሞ አየው። «አባትሽ የት ነው ያለው?»

«ሲንጋፖር። ወደቡ ተጨናንቆ ወረፋ እየጠበቁ ነው።»

«እህ።»

«ምን እህ ትላለህ? ተናገር እንጂ፣ አስተማሪ መሰልከኝ!»

«አይ፣ ባለፈው ሳምንት ነው የተማርነው…» ሉክሻ ባሕሩን አየ። «መርከብ በአደገኛ ባሕር ሲያልፍ ለእነዚያ ቀናት መነሻ ደመወዙ እጥፍ ይከፈላል። የሚተኮስበት ቦታ። እንደ ቀይ ባሕር ደቡቡ በኩል ማለቴ ነው። መርከበኛው ግን መጀመሪያ ይፈርማል። አልፈልግም ማለትም ይችላል።»

«አባቴ ሲንጋፖር ነው አልኩህ!»

«እሺ፣ ሲንጋፖር ነው። ምን ያስቆጣሻል?»

«ፋራ» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ሌላኛው ጫፍ ሄዳ ቆመች። ቁጥሩ ግን ያው ነበር።

በእረፍት ሰዓት ለአባቷ «ደውልልኝ፣ ብቻህን ሆነህ» ብላ ጻፈችለት። የደወለው ትምህርት ካበቃ በኋላ፣ ወደቡ ላይ የመልሱን መርከብ ስትጠብቅ ነው።

«ሸርጣኔ! ምነው? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የት ነህ አባዬ?»

«የት እሆናለሁ? መርከብ ላይ።»

«መርከቡስ?»

«ውሃ ላይ» ብሎ ሳቀ አባቷ ቶንቺ። ከሳቁ ኋላ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ የሞተር ክፍል መካኒክ ነው።

«ደመወዝህ ገብቷል። አይቼዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ምን ብዬ?»

«ጎበዝ። ስሚኝ፣ ቀይ ባሕርን ሁለቴ አለፍን። ሄድን፣ ተመለስን፣ በቃ። የጦር መርከብ አጅቦናል። እኔ ደግሞ ታች ነኝ፤ ምንም አላይም።»

«ታች ያለ ሰው ነው እኮ መጨረሻ የሚወጣው» አለች ፍራኒካ።

«እሱን ተይው» አለ አባቷ።

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም። ይጠይቁሻል፣ ትፈርሚያለሽ። ያልፈረመውን በራሳቸው ወጪ ወደ ቤቱ ይሸኙታል፤ የዚያን ወር ደመወዝ ግን እርሺው።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ያ የማሪን ጀልባ አልተሸጠም አይደል?» አለ። በደስታ ነው ያለው፤ ስጦታ ደብቆ ቆይቶ እንደሚያወጣ ሰው። «ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴኑ ለማለፍ የፈቀደውን ሰው ስም እንደገና ይመዘግባል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረን። እስከዚያ እናትሽን አታስጨንቂያት። ታውቂያታለሽ።»

ታውቃታለች። ቡራ፣ ያ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ፣ በነፈሰ ቁጥር እናቷ ሌሊቱን መስኮት ስትወለውል ታድራለች፤ አባቷ ያለው ነፋሱ በማይደርስበት በሌላው የዓለም ጫፍ ቢሆንም።

ማታ እናቷ «ገባ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ገባ። በርከት ብሏል። ቦነስ ነው መሰለኝ።»

«ቦነስ? የኔ ቶንቺ!» አለች ያስና። መቀሱን እንደያዘች ኩሽናው ውስጥ አንዴ ዞረች። ውሸቱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ፍራኒካን አስገረማት።

ያስና ምድር ቤታቸው ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ስለዚህ በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ፍራኒካ ስትመለስ ቦነሱ ሰፈሩን ዞሮ ጨርሶ ነበር። እትዬ ፔሪና ጭንቅላታቸው በቢጎዲን ተሞልቶ መስታወቱ ፊት ተቀምጠዋል።

«ዶላሩ ዛሬ ወጥቷል አሉ!» አለች እናቷ። «ፍራኒካ፣ መንዝሪው። ማሪን ጋ ደውለን ነገ ጀልባሽን እናምጣ። እኔ ሴትዮ ስንት ዓመት ዶላር ሲወጣ ስል ኖሬ፣ ይኸው ወጣ!»

«ቦነስ ነው ያልሽኝ?» አሉ እትዬ ፔሪና።

«ቦነስ ነው እንጂ!»

«በጾም መሀል? ቦነስ ለበዓል አይደል እንዴ?»

«እርስዎ ደግሞ! ኩባንያው ይጾማል እንዴ?» ያስና እየሳቀች ፎጣ ልታመጣ ወደ ላይ ወጣች።

እትዬ ፔሪና በመስታወቱ ውስጥ ፍራኒካን አዩዋት። ዞር ማለት አልቻሉም፤ ቢጎዲኑ ከብዷቸዋል።

«የኔም ካፒቴን አንድ ዘመን እንዲህ ያለ ቦነስ ላከልኝ። ያኔ ደግሞ በሌላ ባሕር ነበር የሚተኮሰው። ምንጣፍ ገዛሁበት፤ ይህን የሚያህል፣ ቀይ።»

ፍራኒካ ወለሉ ላይ የወደቀ ቢጎዲን አነሳች።

«የት እንዳለፈ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሠርግ ላይ፣ ከአንድ ሰካራም ነው። ተመልሶልኛል፣ ምንም አልሆነም። ግን እሱ እዚያ ሲያልፍ እኔ የምንጣፍ ቀለም ሳማርጥ ነበር። ቀዩን ልውሰድ ሰማያዊውን እያልኩ።»

«ምንጣፉስ?»

«አልጋ ሥር ነው። እንደተጠቀለለ። ረግጬው አላውቅም።» አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ይቺ ሴትዮ ፎጣ ልታመጣ ነው ልትፈትል የሄደችው? ጭንቅላቴ ደረቀ እኮ!»

ያስና ፎጣውን ይዛ ወረደች። «መነዘርሽው?»

ፍራኒካ ሒሳቡን ከፈተች። ዶላሩ እዚያው ነው። ሥሩ «ወደ ዩሮ ቀይር» የሚል ሰማያዊ ምልክት አለ። አውራ ጣቷን አስጠጋች። አንዴ ብትነካው ጀልባው የእሷ ነው፤ ቀጥ ብላ ትቀመጥበታለች፣ ጉልበቷን ዘርግታ። አባቷ ነገ ጠዋት ይፈርማል፤ ምናልባት ምንም አይሆንም፤ ሁለቴ አልፎ የለ። እናቷም ዛሬ ማታ ደህና እንቅልፍ ትተኛለች።

«ኔትወርክ የለም» አለች። በሁለት ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነው። ይኼኛው አልቀለላትም።

ወጥታ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያ ለጋሼ ማሪን ጻፈች፤ አጭር ነበር። ከዚያ ለአባቷ፦ «እማዬ ዶላሩን መንዝሪ እያለችኝ ነው። አልመነዘርኩም። ዛሬ እራት ላይ ሁሉንም እነግራታለሁ። አንተ ቀድመህ ብትነግራት ግን ይሻላል።»

ማንበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ ግን አልመጣም። ሉክሻ በዚያ ሲያልፍ አያት፤ ቆም አለ።

«አሁንም ፋራ ነኝ?»

«አይደለህም። ግን አፍህ ሰፊ ነው።»

«እሱስ ይሁን» ብሎ ሄደ።

እራት የተጠበሰ ሰርዲንና ቆስጣ በድንች ነበር። ያስና ወይራ ዘይት እያንቆረቆረች ስለ ጀልባው ቀለም ታወራለች፤ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሰማያዊ ይሻላል። ፍራኒካ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እማዬ…»

የእናቷ ስልክ ጮኸ።

«በዚህ ሰዓት?» አለች ያስና ስሙን አይታ። ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ሆኖ ነው?» እያለች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

በሩ ተገርበብ ብሎ ነበር። ፍራኒካ መጀመሪያ የሰማችው «የምን ስም?» የሚለውን ነው። ከዚያ የእናቷ ድምፅ ድንገት ከፍ አለ፦ «እኔ እዚህ ለሰው ሁሉ ቦነስ እያልኩ! ምን አልክ? ለየትኛው ጀልባ? ቶንቺ፣ ለእንጨት ነው የፈረምከው?»

ያስና በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንባ ግን የለም።

«ታውቂ ነበር?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

እናቷ አየቻት፤ አስተያየቷ ቶሎ የሚረሳ ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ስልኩን ዘረጋችላት። «እኔን አልሰማም ብሏል። ለልጄ ቃል ገብቻለሁ ነው የሚለው። አንቺው አናግሪው።»

ፍራኒካ ተቀበለች።

«ሸርጣኔ» አለ አባቷ። ደክሞታል። «አንድ ጊዜ እኮ ነው የቀረው።»

«ጀልባውን ለሌላ ሰው ሽጡት ብዬ ለጋሼ ማሪን ጽፌላቸዋለሁ።»

«ምን አልሽ? መቼ?»

«ቅድም።»

«አንቺ ልጅ! በጋውን ሙሉ በምን ልትወዳደሪ ነው?»

«የክለቡ ትንሿ አለች አይደል?»

«ጉልበቴ አገጬን ይመታኛል ስትዪኝ አልነበር?»

«አጥፌ እገባለሁ» አለች ፍራኒካ። «አንድ በጋ ነው። እችላለሁ።»

ሞተሩ ይሰማል። አንድ ሰው ከሩቅ በማታውቀው ቋንቋ ይጣራል። ያስና ወንበር ስባ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ስልኩ ላይ አስደገፈች። ማናቸውም ስልኩን አልዘጉም።

«ነገ ስሜን ሲያጣው ካፒቴኑ ደስ አይለውም» አለ ቶንቺ በመጨረሻ።

«አይበለው!» አለች ያስና።

ፍራኒካ ስልኩን በሁለቱ ሰሃኖች መካከል አስቀመጠችው፤ ድምፁን ከፍ አደረገችና የቀዘቀዘውን ሰርዲን መብላት ጀመረች።