የንጉሡ የጥርስ ዱቄት

«አንቺ ራዲዮ፣ ጉድ ፈላ! ሰባ ዘጠኝ ነው ያመጣው!» አለቻት ጓደኛዋ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እየተጋፋች።

ወሬ ስለማያመልጣት ክፍሉ ራዲዮ ብሎ የሰየማት ልጅ ተንጠራርታ አየች። የጫማ ሰፊው ልጅ፣ አጠገቧ የሚቀመጠው፣ ታሪክ ሰባ ዘጠኝ። ነጻ ትምህርት የሚሰጠው አዳሪ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ደግሞ በሁሉም ትምህርት ሰማንያ የሞላውን ብቻ ነው። ያቺ አንዲት ማርክ የት እንደገባች ታውቃለች።

የታሪክ አስተማሪያቸው ከተዛወሩ ወዲህ ክፍሉን የያዙት የስፖርት መምህሩ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ተማሪው ስለ ጥንት ሰው የሚያጓጓውን ጥያቄ ካርቶን ውስጥ ይጥላል፤ መልስ ማፈላለግ የራዲዮ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ትመላለስ ነበር፤ ኋላ ሰለቻት። «ነገሥታት ጥርሳቸውን በምን ያጸዱ ነበር?» የሚል ሲወጣ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «በብር ዱቄት» አለች። ክፍሉ አውካካ። መምህሩም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ገልብጠው ፈተና ላይ አወጡት። ሁሉም «በብር ዱቄት» ብሎ ማርኩን አገኘ። የሰማውን ሁሉ የማያምነው ግትሩ የጫማ ሰፊው ልጅ ብቻ «መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም» ብሎ ጻፈ።

መምህሩን ኳስ ሲነፉ አገኘቻቸውና ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ውጤቱ ትናንት ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ተልኳል» አሉ ፓምፑን ጥለው። «ምን ልበላቸው? ከተማሪ ሰምቼ ፈተና አወጣሁ ልበል?»

«ርእሰ መምህሩ ጋ ብሄድስ?»

«ውጤቱ ላይ ያለው ፊርማ የእሳቸው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ የኔ ልጅ። አፍሽን ያዢ።»

አልያዘችም። በቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ ሄደች። ልጁ የአባቱን ሽርጥ ታጥቆ ሶል ላይ ማስቲሽ ይቀባል። ለአባትና ለልጁ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይስተካከላል?»

«አይስተካከልም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

አፈረች፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ጻፊው» አለ ልጁ ከሶሉ ላይ ቀና ሳይል።

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም። ተጽፎ ይቀመጥ።»

ራዲዮ የደንበኛ ዱካ ስባ ተቀመጠች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀኑን ጻፈች፣ ሙሉ ስሟን አስከተለች፣ ከሥሩም «መልሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።