የተዋናዩ እግር የቆመበት

ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ሌሊት ሰው ጥላውንም ጅብ ያደርገዋል...

ይህ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ እዚሁ ዲላ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን ፍለጋ በሚሯሯጥበት ሰዓት። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ልጁን አውቀዋለሁ፤ አጥር ለአጥር ነበርን።

ኢዮስያስ ይባላል። ተዋናይ ነው።

ተዋናይ ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሠርግ ላይ ማይክ ይዞ የሚያስቅ፣ ቸርች ድራማ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራ፣ ከዲላ ከወጣ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ልጅ ነበር።

እስክንድር የሚባል ዳይሬክተር መጥቶ "ባልቻን ትሠራልኛለህ?" እስኪለው ድረስ...

ባልቻ የፈጠራ ሰው አይደለም። ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ ቡና ማጠቢያ ዘበኛ ነበር። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲበተኑ ወደ ኋላ የቀረችውን ሴት ይጠራታል።

"እስቲ ሸራ አግዢኝ" ይላታል።

ያቺ ሴት ከምሳ አትመለስም።

ባልቻ ሲያዝ ኢዮስያስ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ሰውየው ኋላ እስር ቤት ሞተ። የገደላቸው ሴቶች እየተፈለጉ ወጥተው ተቀበሩ። አንዷ ብቻ ቀረች። ትንቢት ትባላለች። ባልቻ የት እንዳደረጋት ሳይናገር ነው የሞተው።

ፊልሙ ወጣ። በሁለተኛው ቀን አገር ምድሩ ስልኩ ላይ ተደፋ።

ኢዮስያስ መጀመሪያ ላይ ደስ አለው። ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሰክሮ ነበር ማለት ይቻላል። ሳይበላ ሳይጠጣ የሰዉን አስተያየት ሲያነብ ይውላል።

"አንተን አይቼ በሬን ሁለቴ ቆለፍኩ።"

"ይሄ ሰው እየተወነ አይደለም፤ እመኑኝ።"

"ገዳይ ቢሆንም ግን ያምራል" ያለችም አለች። ለእሷ ልብ የሰጡት ሰዎች ብዛት ደግሞ... ተዉት፣ የኛ ሰው ጉድ አያልቅም።

ከዚያ ነገሩ ከስልኩ ወጥቶ ወደ መንገድ መጣ።

ባጃጅ ሲያስቆም ሴት የተሳፈረችበት አይቆምለትም። የሱቋ ልጅ መልሱን በእጁ መስጠት ትታ ባንኮኒው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ቸርች ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች እናት ልጇን ብድግ አድርጋ ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረችው። ሰላም ስትለው ግን ፈገግ ብላ ነበር።

ሀኒም... ሀኒ እጮኛው ናት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትሠራለች። ሽማግሌ ሊልክባት ቀን ቆርጧል። አንድ ቀን ፀጉሯ ላይ ያረፈ ቅጠል ሊያነሳላት እጁን ሲዘረጋ ራሷን ሸሸት አደረገች።

"ሀኒ? እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ ኢዮሲ። ሶሪ። ፊልሙ እኮ ነው... ይለቀኛል።"

እሷን ማጣት ነው ያስፈራው። ሌላው ሰው ቢፈራው ሥራው ነው፤ እንጀራው ነው። ሀኒ ከፈራችው ግን ዝናው ምን ይሠራለታል?

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ።

ሲከፍት አንዲት ሴትዮ ደጁ ላይ ቁጭ ብለዋል። እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘዋል።

ኢዮስያስ ደነገጠ። እርጥብ ሳር ይዞ ደጅህ የተቀመጠን ሰው "አይሆንም" ብለህ አትመልሰውም። እኛ አገር ነውር ብቻ አይደለም፤ ይፈራል።

"ባልቻን የሠራው አንተ ነህ፣ ልጄ?"

"አዎ እናቴ። ግን ትወና ነው። ውሸት ነው።"

"እሱን አውቃለሁ። እኔ ሞኝ አይደለሁም።"

ብዙነሽ ይባላሉ። ከፍስሐ ገነት ነው በአውቶቡስ የመጡት። የትንቢት እናት ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ሴት ልጃቸውን እንደ ወንድ ይጠሯታል።

ሳሩን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩት።

"ወደ ኋላ መሄድ ማን አሳየህ?"

"ምን?"

"ሸራውን ስትሸፍን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የታጠበ ቡና የሚደርቀው እንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከር እንዳይሰነጠቅ በሸራ ይሸፈናል። ሸራውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚዘረጋው። ዲላ ከተማ ያደገው ኢዮስያስ ቡና ማጠቢያ ግቢ የገባው ለቀረጻው ነው። ጽሑፉ ላይ ያለው "ባልቻ አልጋውን ይሸፍናል" የሚል ብቻ ነበር።

እሱ ግን ካሜራው ሲበራ ሸራውን ግራ ክንዱ ላይ ጠቀለለና... ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እየለቀቀ፣ እየለቀቀ ብቻውን ሸፈነው። እስክንድር "ጎበዝ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ስለዚያች ትዕይንት ነበር ሲጽፍ የሰነበተው።

"ማንም አላሳየኝም" አለ ኢዮስያስ። "ዝም ብሎ መጣልኝ።"

"እኔ እዚያ እሠራ ነበር" አሉ ብዙነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንደዚያ የሚሸፍነው ባልቻ ብቻ ነው። እኛ ሴቶቹ እንስቅበት ነበር። ለፖሊስ ማንም አልተናገረም። ስቀን ነበር ብለን ለማን እንናገራለን?"

ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን አየ።

"እግርህ ያንን ካወቀ ሌላውንም ያውቃል። ልጄ ትንቢት የት እንዳለ ያውቃል። ውሰደኝ።"

ቅዳሜ ስለሆነ እሱ ጋ የነበረችው ሀኒ ከጓዳ ወጥታ ሁሉንም ሰምታለች። ክንዱን ይዛ ወደ ግድግዳው ሳበችው።

"እሺ እንዳትላቸው" አለች በሹክሹክታ።

"ሳር ይዘው እኮ ነው..."

"ቢይዙስ! ኢዮሲ፣ ሲሪየስሊ እኮ ነው የምልህ።"

የሀኒ ቤተሰቦች ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ሳሩ ለእሷ ሳር ነው። እሱ ግን "ሄጄ እተውንላቸዋለሁ፣ ይውጣላቸው" ብሎ አሰበ። ለቅሶ ያልተቀመጠች እናት ናት። ድንኳን አልተጣለላት። ሁለት እርምጃ ቢራመድላት ምን ይጎዳዋል?

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው።

ቡና ማጠቢያው ከተዘጋ ቆይቷል። አልጋዎቹ ተወላግደዋል፤ ሣር በሥራቸው በቅሏል። ሀኒም ብቻህን አትሄድም ብላ ተከትላቸዋለች። ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ወፍ እንኳን ዝም ብሏል።

ኢዮስያስ አንድ የተቀዳደደ ሸራ አነሳ። ብዙነሽንም ሀኒንም አየና ለማሳቅ ያህል፣

"እሺ... አክሽን" አለ።

ማንም አልሳቀም።

ሸራውን ክንዱ ላይ ጠቀለለ። ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። አልጋው አለቀ። "በቃ" ሊል ነበር።

እግሩ አልቆመም...

ከአልጋው አለፈ። ዞር ብሎ ለማየት ፈለገ፤ አንገቱ እሺ አላለውም። ፊቱ ወደ ሴቶቹ እንደዞረ፣ ወደ ኋላው፣ የቡና ገለፈት ይደፋበት የነበረውን ጉድጓድ ዳር ዳሩን ዞረ። ምንም አላደናቀፈውም።

"ኢዮሲ፣ ይበቃል!"

"ሀኒ... እኔ አይደለሁም።"

ቡናው ተክል ውስጥ ገባ። አንድ ያረጀ የቡና ዛፍ ሥር ሲደርስ እግሩ ቆመ። ተተክሎ ቆመ። ሊያነሳው ቢሞክር፣ በእጁ ጉልበቱን ይዞ ቢስብ፣ ወይ ፍንክች።

ብዙነሽ ተንበርክከው በሁለቱ እግሮቹ መሀል ያለውን መሬት መጫር ጀመሩ። በጣታቸው። ከዚያ በእንጨት። አፈሩ ቀይና ለስላሳ ነበር።

መጀመሪያ የወጣው የፕላስቲክ አምባር ነው። ቢጫ።

ከአምባሩ ውስጥ አጥንቱ ሲታይ የኢዮስያስ እግር ተላቀቀ። እንደ ልጅ በቂጡ ወደቀ።

ፖሊስ ያዘው። ለመጠየቅ ያህል ነው። ትንቢት ስትጠፋ እሱ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበር ሲያሰሉ እርስ በርስ ተያዩና ለቀቁት። እንዴት አወቅህ ሲሉት "እግሬ" አለ። እንዲህ ያለ ቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ፖሊስ የት ይገኛል?

ትንቢት ተቀበረች። ድንኳን ተጣለላት፤ ተዘመረላት። ብዙነሽ ለቅሶው ላይ አቅፈው አልሳሙትም። ዝቅ አሉና እግሩን ሳሙ። ኢዮስያስ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት...

ወሬ ግን ክንፍ አለው። በሳምንቱ ደጁ ላይ ሌላ እናት ተቀመጡ። በማግስቱም ሌላ። ከይርጋጨፌ፣ ከገጠሩ፣ ባልቻ እግሩ ረግጦት ከማያውቀው አገር ሁሉ። ሁሉም እርጥብ ሳር ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ፎቶ። እነዚያ ገዳይ ሆኖ ሲያዩት በር ይቆልፉ የነበሩ ሰዎች አሁን በሩን ለማስከፈት ይለምናሉ።

ኢዮስያስ ለአንዳቸውም አልሄደም። በጓሮ በኩል እየወጣ እየገባ፣ እንደ ሌባ መኖር ጀመረ።

"እንሂድ" አለችው ሀኒ። "ሐዋሳ እንሂድ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ፣ ከዚያ በቃ።"

"አትፈሪኝም?"

የፀጉሯን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

"እፈራለሁ" አለች መጨረሻ ላይ። "ግን እወድሃለሁ። ሁለቱም አለብኝ።"

ያቺ ቃል እንዴት እንዳሳረፈችው! እስከ ዓርብ ድረስ እያፏጨ ነበር የሚሄደው።

ዓርብ... ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በሩ በኃይል ተደበደበ።

የሀኒ እናት ናቸው። እትዬ ጽጌማርያም። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የለም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ሀኒ አንተ ጋ ናት?"

"የለችም። ምነው?"

"ጠዋት ሥራ ብላ ወጣች። ቢሮ አልገባችም አሉኝ። ስልኳ ዝግ ነው።"

"እትዬ፣ ይረጋጉ። ቻርጅ አልቆባት..."

አልሰሙትም። ጎንበስ አሉ። ከራሱ ደጅ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ያንን የማያውቁትን የሰው አገር ሳር ነጩ። ዘረጉለት።

"ሂድልኝ።"

"እትዬ፣ በማርያም! ሀኒ እኮ አልጠፋችም!"

"ካልጠፋች እግርህ የትም አይሄድም። ሂድልኝ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው ብሎ አሰበ። ካልጠፋች የትም አይሄድም። ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ እሳቸውም ያያሉ፤ ይረጋጋሉ።

ዝም ብሎ ቆመ።

እግሩ ተነሳ...

ወደ መንገድ አልወጣም። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ፣ የራሱን ቤት ግድግዳ ታክኮ፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ አልፎ ወደ ጓሮ ሄደ። እንሰቱ ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ፊቱን መታው። ጥግ ላይ፣ አፈሩ እርጥብ የሆነበት ቦታ ሲደርስ...

ቆመ።

እትዬ ጽጌማርያም እግሩን አዩ። መሬቱን አዩ። እንሰቱ ሥር ዘፍ ብለው ወደቁ። 

ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳሰሰ። ያልተነካ ነው። ሣሩ ሥሩን ይዟል። ማንም አልቆፈረውም።

የዚያን ጊዜ የግቢው በር ሲጥ አለ።

"ኢዮሲ? በሩ ለምን ተከፈተ? ሰው የለም እንዴ?"

ሀኒ ናት።

አቮካዶ የሞላ ፌስታል ይዛለች። ይርጋጨፌ ለሥራ ተልካ፣ ስልኳ ቻርጅ አልቆበት... ሌላ ምንም። እናቷ ከወደቁበት ተነስተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። አለቀሱ። ሳቁ። እልል አሉ። እኔ እንኳን በአጥሬ ማዶ እልልታውን ሰምቼ ለእሑዱ ሽምግልና የሚዘጋጁ ነበር የመሰለኝ።

"አየህ?" አሉት፣ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "እግርህ ዋሸ! ዋሾ እግር! ተመስገን፣ ተመስገን..."

ኢዮስያስም ሊስቅ ሞከረ። ወደ እነሱ ሊሄድ ግራ እግሩን አነሳ።

አልተነሳም።

ቀኙን ሞከረ። አልተነሳም።

"ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁም?" አለች ሀኒ እየሳቀች። "ኢዮሲ፣ እዚያ እንሰት ውስጥ ምን ትሠራለህ? ና እንጂ።"

 ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። እግሩ ሥር መሬቱ ዝም ብሏል። እየጠበቀ ነው።

"ደንግጦ ነው፣ አፈር ልብላ" አሉ እናቷ፣ ፌስታሉን ከእጇ እየተቀበሉ። "እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት። ሂጂ፣ እጁን ይዘሽ አውጪው።"

"አትምጪ!" ሊል ነበር። በሙሉ ልቡ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ።

ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ የባልቻ ቃል።

"ነይ" አለ። "ነይ እስቲ አግዢኝ።"

መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ሀኒ ጫማዋን አወለቀች። ጎን ለጎን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችውና በባዶ እግሯ ወደ እንሰቱ ገባች።