ከተጨማሪው ዲስክ ሥር

ከደረጃው ራስ ላይ የፈሰሰው ቀይ የዱባ ነበር፤ ከግርጌው የፈሰሰው ግን የሰው።

ኢንስፔክተር ኮታይ ሁለቱንም ቀይ በየተራ ተመለከተች። በሕንዷ ኮይምባቶር ከተማ የመሣሪያ በዓል ሲከበር በየደጃፉ ኩምኩም የሚሉት ቀይ ዱቄት የተነሰነሰበት ዱባ ይከሰከሳል። መዶሻው፣ መኪናው፣ ኮምፒዩተሩ ሁሉ አበባ ለብሶ ሲያርፍ ይውላል። ፖሊስ ብቻ አያርፍም።

ሟቹ ቲላይናተን የሐኪም ቤቶችን የራጅ ምስሎች በክላውድ ሰርቨር የሚያስቀምጥ የአንድ ትንሽ ድርጅት ባለቤት ነበር። በባዶ እግሩ፣ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ኮታይ ተንበርክካ ውስጥ እግሮቹን አየች። ንጹሕ ናቸው።

«ዱባው አንሸራትቶት ነው፣ ማዳም» አለ ሸሪኩ ኢላንጎ።

«ምን ያንሸራትተዋል! ገፍታው እንጂ!» ብሎ ጮኸ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቬትሪ። ምድር ቤቱ ላይ ሞተር ብስክሌት የሚጠግነው እሱ ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ። በቅባት የጠቆረ ጣቱን ከግድግዳው ጥግ ወደ ቆመችው ሠራተኛ፣ ወደ አሙዳ፣ ቀሰረ። «‹እጅሽን አንሺ!› እያለ ሲጮህባት ከጋራዤ ሆኜ ሰምቻለሁ። ወንድሜ በዕድሜው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!»

«ቬትሪ አና፣ እኔ እኮ...»

«አና አትበይኝ! ለአንቺ ብሎ ታላቅ ወንድም!»

አሙዳ ከንፈሯን ነከሰች። ኮታይ ወደ እሷ ጠጋ ብላ «ለምን ጮኸብሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ከሐኪም ቤት ደውለው የአንዲት በሽተኛ ምስል ፈለጉ። ኮምፒዩተሬን ልነካ ስል ‹እጅሽን አንሺ! ዛሬ መሣሪያዎቹ ያርፋሉ። ኢላንጎ በስልክ ያነጋግራቸው› አለኝ። ተናድጄ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እሱ ሲወድቅ ቤተ መቅደስ ነበርኩ።»

«ማን አየሽ?»

«በበዓል ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ማን ያየኛል፣ ማዳም?»

ኮታይ ቀና አለች። ከደረጃው በላይ ካሜራ ተሰቅሏል።

ኢላንጎ ዓይኗን ተከትሎ ተነፈሰ። «እሱ እንኳ አይጠቅመንም። ቅጂው የሚቀመጥበት ሰርቨር ሞልቶ ነበር። ቲላይ ከምሳ በኋላ ተጨማሪ ዲስክ አስገባና ከካሜራው ፎልደር ጋር አገናኘው። ከዚያ በፊት የተቀረጸው አሁን የለም፤ ከዚያ ወዲህም ካሜራው መቅረጽ አቁሟል። ደክሞት ስለነበር ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሲሠራ አይተውታል?»

«ኪቦርዱን ሲቀጠቅጥ፣ በዓይኔ በብረቱ!»

«ቦታ ከጠበበ የድሮውን ቅጂ መሰረዝ አይቀልም ነበር?»

«የካሜራውማ አይሰረዝም። ሐኪም ቤቶቹ ስለሚያስገድዱን ወር እስኪሞላው የተቆለፈ ነው። እኔም ብሆን አልችልም።»

ኮታይ ራሷን ነቀነቀችና ዱባውን ተሻግራ ወደ ቢሮው ገባች።

ሦስት ጠረጴዛዎች፣ ሦስት ኪቦርዶች። በእያንዳንዱ ላይ የጃስሚን አበባ ጉንጉን ተጋድሟል። በረጅሙ ቁልፍና ከበላዩ ባሉት ቁልፎች ላይ የሰንደል ልውስ ተቀብቶ፣ በልውሱ መሃል የኩምኩም ነጥብ ተደርጓል። ኮታይ በቲላይ ኪቦርድ ላይ አጎንብሳ ቆየች። ልውሱ ደርቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቁልፎቹን አያይዟቸዋል። የአሙዳም እንዲሁ። የኢላንጎ ላይ ግን ነጭ ፍርፋሪ በቁልፎቹ መሃል ገብቷል፤ ቀዩ ነጥብ በባዶው ቁልፍ ላይ አርፏል።

«እነዚህን የቀባ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አሙዳ ከበሩ። «ሰንደሉን ሳላስቀድም ኩምኩሙን አላደርግም። እናቴ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ።»

ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ነበር። «ኮታይ፣ ምስክሩ ሞልቷል። ነገ ልጅቷን ፍርድ ቤት አቅርቢያት።»

«አቀርባለሁ፣ ጌታዬ። ሌላ የማቀርበው ካጣሁ።»

ቢሮውን አሽጋ፣ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል በፖሊስ ባለሙያ አስለውጣ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አሙዳን ሁለት ፖሊሶች መሃል አስገብተዋታል። ቬትሪ በሩን ተደግፏል። ኢላንጎ ሰዓቱን ያያል።

«ዛሬ መሣሪያ ከዕረፍቱ የሚነሣበት ቀን ነው» አለች ኮታይ። «እኛም አንድ መሣሪያ እናስነሣለን። ከዚያ በፊት ግን ስሙኝ። ዱባ ያንሸራተተው ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ዱባ ይኖረዋል። የቲላይ ንጹሕ ነበር። ሰው ገፍቶታል ማለት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ቬትሪ።

«አንተ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ነግረኸኛል። ‹እጅሽን አንሺ› ብሎ ጮኸ አልክ። በዕድሜው ጮኾ የማያውቅ ሰው ለምን ያን ቀን ጮኸ? ኮምፒዩተር እንዳትነካ ነዋ። እንዲህ ያለ ሰው ከምሳ በኋላ ራሱ ቁጭ ብሎ ዲስክ ያስገባል?»

ቬትሪ ወደ ኢላንጎ ዞረ።

«በስሙ እኮ ነው የገባው!» አለ ኢላንጎ።

«በስሙ ነው፤ በእጁ ግን አይደለም። ኪቦርዱ ይኸው። አንድ ቁልፍ ቢጫን ልውሱ ይሰነጠቅ ነበር። የተፈረፈረው የእርስዎ ነው፣ ኢላንጎ። ኩምኩሙን መልሰው ነጠቡበት፤ ሰንደሉን ረሱት።»

«ኪቦርዴን ስላጸዳሁ ነፍሰ ገዳይ ልሆን ነው? የት አለ ማስረጃው?»

«እሱን የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ቅጂው አይሰረዝም አሉኝ። የማይሰረዝ ነገር ከጠፋ ተሸፍኗል ማለት ነው። እህል ባለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ምንጣፍ ቢያነጥፉ እህሉ የት ይሄዳል? ባዶ ዲስክ በሞላ ፎልደር ላይ ሲገናኝም ከላይ የሚታየው ባዶው ነው። የድሮው ከሥሩ አለ። አሙዳ፣ ተጨማሪ ዲስክ ሲገባ የመጨረሻው ሥራ ምንድን ነው?»

«ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ዲስኩን መልሶ እንዲያገናኝ ትእዛዙን መጻፍ ነው፣ ማዳም። ካልተጻፈ ሲነሣ ይረሳዋል። ኢላንጎ አና ነው ያስተማረኝ። አንዴ ብረሳ ‹ድንጋይ ራስ› ብሎኛል።»

«ትናንት ‹ድንጋይ ራስ› የሆነው ሌላ ሰው ነበር። ባለሙያችን አይቶታል፤ ትእዛዙ አልተጻፈም። ቸኩለዋል። በይ፣ ሰርቨሩን አስነሺው።»

«ተዪ!» ኢላንጎ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «የሐኪም ቤት ምስል አለበት! ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ እጠየቃለሁ» አለች ኮታይ። «አስነሺው።»

አሙዳ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች። የሰንደሉ ቅርፊት ቀጭ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ስክሪኑ ሲበራ ባዶ የነበረው ፎልደር ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ነበር።

ቅጂውን ለመክፈት እንኳ አልደረሱም። ኢላንጎ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ባለፈው ወር እንዲሁ ዲስክ ስጨምር፣ አዲሱን ያዘጋጀሁ መስሎኝ የቆየውን አጠፋሁት። የበሽተኞቹ ምስል ሁሉ ሄደ። ደብቄው ነበር። ትናንት ሐኪም ቤቱ ሲደውል ለቲላይ ነገርኩት። ‹ነገ መሣሪያ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራዬ ለእነሱ መናገር ነው› አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሊሰጠኝ ሲል... እጄ ቀደመኝ።»

ፖሊሶቹ አሙዳን ትተው ወደ እሱ ዞሩ። ይዘውት ሲወጡ ቬትሪ እንዲያልፉ ከበሩ ተላቀቀ፤ ከዚያ የወንድሙን የአበባ ጉንጉን አንስቶ በመዳፉ ያዘው።

«አሙዳ» አለ፣ ቀና ሳይል። «አና በይኝ።»

ሳትመልስለት የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሐኪም ቤቱ ነበር። አሙዳ ወደ ኮታይ አየች፤ ወደ ባዶው የቲላይ ወንበርም አየች። ስልኩን አነሣች።

«ምስሉ የለም» አለች። «ጥፋቱ የእኛ ነው። በሽተኛዋ እንደገና ራጅ እንድትነሣ ዛሬውኑ ጥሯት፤ ጊዜ አትስጡ።» ስልኩን ዘጋችና ወደ ቬትሪ ዞረች። «አና፣ የመጀመሪያ ሥራው ይኼ ነበር።»