በውሸት ስም የወጣሁበት ዝግባ

እኔ እንኳን ጋኔን ጋዜጣም በቀላሉ አላምንም፣ ወዳጄ፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ፤ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ወረታ አስተማሪ ሳለሁ ስለ ቆሌና ስለ ዛር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ መጽሐፌን ገልጬ ጀርባዬን የምሰጥ ነበርኩ።

ያን ጊዜ የኔና የባልደረባዬ የታደለ ሱስ አንድ ነበር፣ ረጅም ዛፍ ፈልጎ መውጣት። የፎገራ ሜዳ ገላጣ ስለሆነ ያረጀ ጥድና ዝግባ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ጉብታ ላይ ነው፣ አናቱ ከሌሎቹ በልጦ ከሩቅ የሚታየውን እንመርጥና ቅዳሜ ቅዳሜ መጫኛ ተሸክመን እንሄዳለን። አንዱ መጫኛውን ወገቡ ላይ አስሮ ሲወጣ ሌላው ታች ሆኖ ጫፉን ይይዛል፣ ነፍስህን ይይዛል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በዚያው ዓመት ታደለ የዳይሬክተርነቱን ሹመት ያጣው ፊርማ በሌለው ደብዳቤ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እመነኝ።

አንድ ቅዳሜ ያገኘነው ዝግባ እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ ይረዝማል። የደብሩ አረጋዊ ቄስ ፈቀዱልንና፣ "ልጆቼ፣ ታች የሚቀረው የወጣውን በክርስትና ስሙ ይጥራው፣ 'አቤት' ሳይለው መጫኛውን እንዳይለቅ፤ እዚህ ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም" አሉ።

"እሺ አባ፣ እርስዎ እንዳሉ" አለ ታደለ፣ ወደኔም ዞሮ "ማነው ታዲያ ስምህ?"

"ወልደ ሚካኤል።"

"ላንተማ ሚካኤል በዛብህ" ብሎ ሳቀ።

ውሸቴን ነበር። ያን ደብዳቤ ለጻፍኩበት ሰው እውነተኛ ስሜን መስጠት ከበደኝ።

ኮቴን አውልቄ ግንዱ ሥር ትቼ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፣ አናቱ ላይ ሆኜ የጣናን ውኃ ስመለከት ከታች "ወልደ ሚካኤል" የሚል ጥሪ ሰማሁ፤ የኔ ስም ስላልሆነ አቤት ለማለት ዘገየሁ፣ ያኔ ከኔ ዝቅ ብሎ ካለው ቅርንጫፍ አንድ ድምፅ ረጋ ብሎ "አቤት" አለ። ድምፁ የኔ ነበር። ሰው ሲወርድ እንደሚሰማው ቅርፊቱ ተፋቀ፣ ቀጥሎ ወገቤ ላይ ያለው መጫኛ ላላ።

ጮህኩ፣ ግን ማን ሰምቶኝ፤ በቅጠሉ መሃል ሁለት ሰዎች ወደ ወረታ ሲያዘግሙ አየሁ፣ አንደኛው ኮቴን ለብሷል።

እንዴት እንደወረድኩ ጉልበቴና ክርኔ ይናገሩ። ኮቴ ግን ካስቀመጥኩበት አልተነካም።

ታደለን በራፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"እንዴት ጥለኸኝ ትመጣለህ?"

"አብረን አይደል እንዴ የመጣነው?"

"አትቀልድ፣ ልሞት ነበር።"

"ስጠራህ አቤት አልክ፣ ወረድክ፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀስክ ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት አልከኝ፣ ረቂቁን ምድጃ ውስጥ አቃጥለህ አመዱን በእጅህ መበተንህ ሳይቀር። ይቅር ብዬህ ነበር። አሁን ልትክድ መጣህ?"

አፌን ከፈትኩ፣ "የምን ደብዳቤ?" አልኩ። በሩን ዘጋው።

በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ሐሙሲት ገባ፣ ሰላምታዬንም ዳግመኛ አልተቀበለም። ምናልባት ጠርጥሮኝ ሊበቀለኝ መጫኛውን ለቆ ይሆናል፣ እንዲያ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ፤ አመዱን ግን ማን ነገረው? በገዛ ድምፄ ተከዳሁ፣ የከዳኝም ከኔ የተሻለ ሰው ሳይሆን አልቀረም።

እውነተኛ ስሜን ላንተም አልነግርህም። ገበያ መሃል ወልደ ሚካኤል ተብሎ ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ግን እግሬ ይታሰራል፣ ማን "አቤት" እንደሚል ዞሬ ለማየት እስካሁን አልደፈርኩም።